ያላጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል?

«ያቺ የኮምፒውተር ቤቷ ልጅ ዛሬ አለቀላት» አለች ባጃጁ ውስጥ ከዙበይዳ ጎን የተቀመጠችው ሴት፣ ወደ ጓደኛዋ ዞራ።

«የትኛዋ?»

«አፍናን መሰለኝ ስሟ። ያቺ ቀጭኗ። ከሰዓት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። የመሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃል ለሌላ መሥሪያ ቤት ሰው አሳልፋ ሰጠች ብለው።»

«ውይ! ሸጠችው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! አለቃዋ ግን ጥርሱን ነክሶባታል። ትባረራለች ነው የሚባለው።»

«ሚስኪን። እናቷ እኮ ባል የሞተባት ናት አሉ።»

ከዚያ ወሬያቸውን ወደ ሽንኩርት አዞሩት። ሽንኩርት ከአምናው እጥፍ ሆኗል፣ ያውም ግማሹ የበሰበሰ ነው። ባል የሞተባት ናት የተባለችው ዙበይዳ የራሷን ሽንኩርት በፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ መሃላቸው ተቀምጣለች። መውረጃዋ ሲያልፍ እንኳ «ወራጅ» ለማለት ድምፅ አልወጣላትም። መናኸሪያው ጋ ወርዳ፣ የደሴ ሚኒባሶች ረዳቶች «እትዬ ደሴ ነው? ይግቡ፣ ሞልቷል» እያሉ እጇን ሲጎትቱ ተላቃ፣ የመጣችበትን መንገድ በእግሯ ተመለሰች።

ዙበይዳ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ የይለፍ ቃል ምን እንደሆነ ከስልኳ ታውቃለች። ልጇ አፍናን የምትሠራበት ክፍል የተከፈተ ቀን ጥሩውን ሻሿን አድርጋ ሄዳ ነበር። ጤናው፣ እርሻው፣ ውኃው፣ የእንስሳት ሕክምናው፣ ሁሉም የየራሱን ቤተ መጻሕፍት ሲለምን ኖሮ አንዱም ስላላገኘ፣ ለሁሉም አንድ ተከፈተላቸው። ክፍሉ የተሰጠው አቶ ዓብዱልመጂድ በሚመሩት የሳይንስ መረጃ ማስተባበሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን በሩ ላይ በትልቁ «የሳይንስ መሥሪያ ቤቶች የጋራ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት» የሚል ተለጥፏል። ውስጡ ግን መደርደሪያ እንኳ የለውም፤ ኮምፒውተርና ወንበር ብቻ። «መጻሕፍቱ የታሉ?» ብላ ስትጠይቅ ልጇ ስቃ «እማ፣ እዚህ ውስጥ ናቸው። የከብቱም ሐኪም የውኃውም መሐንዲስ ከዚሁ ነው የሚያነበው። ቁልፏ እኔ ነኝ» አለቻት። ዙበይዳ ያኔም ደስ አላላትም። ቁልፍ የሆነ ሰው ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው ብላ አሰበች፤ ግን የልጇን ደስታ ላለማበላሸት «ማሻ አላህ» አለች።

ቤት ገብታ ፌስታሉን መሬት ላይ ጣለችው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሳሎንም የአፍናን መኝታም ሲሆን አልጋዋን ከሶፋው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ሟቹ ባሏ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሞ የተነሣው ፎቶ አለ። ዙበይዳ መጋረጃውን ገለጠችና የልጇን ፍራሽ አነሣች። ምን እንደምትፈልግ ለራሷም መናገር ፈርታለች፤ «ሸጠችው እንዴ?» ያለችው ሴት ድምፅ ግን ከጆሮዋ አልወጣም። ከፍራሹ ሥር ያገኘችው የተጣጠፈ ሻሽና የተበላሸ ቻርጀር ነው። የተሰቀሉ ልብሶቿን ኪስ ፈተሸች፣ አሮጌ ቦርሳዋን ገለበጠች። ምንም የለም። ምንም አለማግኘቷ አላረጋጋትም፤ ይልቅ ብሶባት ተቀመጠች። ከጦርነቱ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የመጣ የሚመስላት ሴት ናት። ልጇ ስትባረር አየቻት፣ ፖሊስ ሲወስዳት አየቻት፣ ማረሚያ ቤት በር ላይ ምሳ ይዛ ራሷን አየቻት። ከዚያም የመጣላት ነገር ለዚህች አገር ሴት ሁሉ የሚመጣላት ነው፤ ሽማግሌ።

የባሏ ታላቅ ወንድም ሼህ ረጀብ ገበያው ጥግ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከሱቁ በር ስትደርስ ፊቷን አይተው መቀሱን አስቀመጡ።

«ማል ታቴ ያ ዙበይዳ? ምን ሆነሻል? ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ።»

ነገረቻቸው። የሰማችው ትንሽ ነበር፤ የነገረቻቸው ግን ብዙ ሆነ።

«ልጅቷን ጠየቅሻት?» አሉ ሼህ ረጀብ።

«አልጠየቅኳትም።»

«ምነው?»

«ብጠይቃት ትደብቀኛለች። እስከዛሬስ መቼ ነገረችኝ?»

ሼህ ረጀብ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ስሚኝ የወንድሜ ሚስት። ሽማግሌ የሚላክ ላጠፋ ሰው ነው። አጥፍታለች?»

«ሳትባረር መለመን ይሻላል፤ ከተባረረች በኋላ ማን ይሰማኛል? ወላሂ ሼህ፣ እርስዎ እምቢ ካሉ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ሴት ብቻዋን አትሄድም» አሉና ተነሡ። ከዙሁር ሰላት በኋላ መስጊድ በር ላይ አንድ ሌላ ሽማግሌ ይዘው መጡ።

አቶ ዓብዱልመጂድ ለምሳ ቤታቸው ነበሩ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ላይ መጀመሪያ መደነቅ ታየ፤ ቀጥሎ ዙበይዳን ከኋላ ሲያዩ መደነቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ገበያተኛ የፈለገውን ዕቃ ሳይለፋ ሲያገኝ የሚታይበት ዓይነት። «መርሃባ፣ መርሃባ! ነጋ ጅርቱ? ደህና ናችሁ? ግቡ እንጂ፣ ቤታችሁ ነው» አሉ። ሳሎኑ ሰፊ ነው። ሶፋው ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ አልተነቀለለትም፤ ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል። ከበላዩ ከየስብሰባው የተሰጧቸው የምስክር ወረቀቶች በመስታወት ተሰቅለዋል። ምሳ ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹ በልማዱ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀምስም» አሉ።

«ጉዳያችሁ ገብቶኛል» አሉ አቶ ዓብዱልመጂድ። «ግን በአፋችሁ ብትነግሩኝ ይሻላል። እኔ የሰው ነገር በግምት አልይዝም።»

ሼህ ረጀብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን አጥፍታለች። የአባት ቁጣ የሌላት፣ ያለ አባት ያደገች ናት። ለአላህ ብለህ፣ ለእኛ ሽበት ብለህ ሸፍንልን።»

«አጥፍታለች ነው ያሉት ሼህ?»

«አጥፍታለች።»

አቶ ዓብዱልመጂድ ወደ ዙበይዳ ዞሩ። «እርስዎም እንደዚሁ ነው የሚሉት፣ እናቴ?»

«አጥፍታለች ጌታዬ፤ ልጅ ናት፤ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ» አለችና እውነትም ከሶፋው ወርዳ ወደ ጉልበታቸው ጎንበስ አለች። አንሥተው አስቀመጧት። «በእኔ በኩል ከልቤ ይቅር ብያለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ» አሉ። እጅ ተዘረጋ፣ ይቅርታው እንዲጸና ፋቲሃ ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ። ዙበይዳ አሚን ስትል እንባዋ በሁለት መዳፎቿ ላይ ወረደ። ወጥተው መንገድ ሲጀምሩ ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣላት። ምናልባት የሚፈራውን ሁሉ ቀድሞ መፍራት ጥቅም አለው ብላ አሰበች።

ቤት ስትደርስ አፍናን መጥታ ብቻዋን ምሳ እየበላች ነው። ዙበይዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ የትናንቱን ወጥ በቀዝቃዛው እየጠቀለለች ታላምጣለች፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። እናትየው «ላሙቅልሽ?» አለች። «ይበቃል» አለች ልጅቷ። ከጎረቤት ሬድዮ ስለ ዝናብ ያወራል። ዙበይዳ የሠራችውን ነግራት ልታረጋጋት ፈለገች፤ ግን ያንን ከተናገረች ባጃጅ ውስጥ የሰማችውን መናገር አለባት፤ ያንን ከተናገረች ደግሞ ፍራሹን። የወጡን ድስት ወደ ልጇ አስጠጋችላት። አፍናንም የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ መልሳ ውኃ ጠጣችበት። እጇን ታጥባ ሻሿን አስተካከለችና «ከሰዓት ስብሰባ አለኝ፣ እዘገያለሁ» አለች።

«የምን ስብሰባ?»

«የሥራ።»

«አላህ ይርዳሽ።»

አፍናን በር ላይ ቆማ ዞር አለች። «ምን ሰምተሽ ነው?»

«ምንም። እናት አይደለሁ? እንዲሁ ነው።»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻለችም። ተከትላ ሄደች። የመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ከስብሰባው ክፍል መስኮት ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከሙቀቱ የተነሣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ይቅርታው ሲነገር ለመስማት፣ ልጇም ስትወጣ እጇን ለመያዝ ብላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የሰማችው የወንድ ድምፅ ነው፤ ኑርሁሴን የሚባል የእንስሳት ሐኪም። ድምፁ ገና የወጣት ነው፤ ሲቆጣ ኦሮምኛና አማርኛው ይደባለቃል። «ጨፋ ላይ ፍየሎች ያስላሉ፣ አፋቸው ይቆስላል፣ ይወድቃሉ። የሚመሳሰሉ ሁለት በሽታዎች ናቸው፤ ክትባታቸው ግን ለየብቻ ነው። አንዱን ከአንዱ ለመለየት ማንበብ ነበረብኝ። ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት መጣሁ፤ አቶ ዓብዱልመጂድ ‹የራሳችሁን ፈልጉ፣ የኢንተርኔት መስመሩን ጨረሳችሁብን› ብለው ከበር መለሱኝ። ቆላ ወርጄ ሰዉ የሞተ ፍየል እየጎተተ ሲያሳየኝ ለአፍናን ደወልኩላት። የይለፍ ቃሉን ነገረችኝ። የከብት በረት ውስጥ ቆሜ ከስልኬ አነበብኩ። ናሙናውን ላክሁ፤ ክትባቱ የባቲ ገበያ ቀን ሳይደርስ መጣ። እዚያ ገበያ ላይ ታመው ቢቀላቀሉ ኖሮ የአፋሩም የደገኛውም ፍየል ያልቅ ነበር። ጥፋቷ ይኼ ነው። ዱግማ፣ እውነቱ ይኼ ነው።»

ዙበይዳ አግዳሚው ላይ ቀጥ አለች።

ሰብሳቢው ድምፁ የረጋ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ይመስላል። «አቶ ዓብዱልመጂድ፣ ለሌሎች እንዳትከፍት በጽሑፍ አዘዋታል?»

«በቃል ነው ያዘዝኳት። የበታች ሠራተኛ በቃልም ትታዘዛለች።»

«በሩ ላይ የጋራ ይላል እኮ።»

«በር ላይ የሚለጠፍ ሌላ፣ ሥራ ሌላ።»

አንድ ሰው ሳቀ። አፍናን ተናገረች። «እኔ የተቀጠርኩት መጻሕፍቱን ለአራቱም መሥሪያ ቤት ላካፍል ነው። ያልከፈትኩለት ሰው ቢኖር ኖሮ ነበር መጠየቅ ያለብኝ። ነገሩ የይለፍ ቃል አይደለም። በዞኑ ስብሰባ ላይ ለኑርሁሴን ሲጨበጨብ የአቶ ዓብዱልመጂድ ስም ስላልተጠራ ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም።»

ክፍሉ ውስጥ ወንበሮች ተንቀሳቀሱ። ሰብሳቢው «እንግዲህ እንደሚመስለኝ…» ብሎ ሲጀምር አቶ ዓብዱልመጂድ ቀስ ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ አቋረጡት።

«ይህን ባልናገር እወድ ነበር። ዛሬ ቀትር ላይ ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ይዘው ቤቴ መጥተው ነበር። የአባቷ ወንድም ሼህ ረጀብ፣ እናቷም ጭምር። አጥፍታለች፣ ሸፍንልን አሉኝ። እናትየው ጉልበቴ ላይ ወደቁ። እኔም በግሌ ይቅር ብያለሁ፤ ፋቲሃ ተቀርቷል። ግን እናንተን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያላጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል?»

እዚህ አገር ይህን ጥያቄ የሚመልስ የለም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

«እኔ ሽማግሌ አልላክሁም» አለች አፍናን። «ውሸት ነው።»

«ሼህ ረጀብን አስጠርተን እንጠይቃቸው?» አሉ አቶ ዓብዱልመጂድ።

ዙበይዳ ተነሥታ ነበር። ልጇ ወደ መስኮቱ ዞራ ስታያት፣ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ፣ የልጅቷ ፊት እንደ ጠፋ አምፖል ጨለመ። ዙበይዳ በሩን ገፍታ ገባች።

«እኔ ነኝ የላክሁት! እሷ አታውቅም። ምን እንዳደረገች እኔም አላውቅም ነበር፣ አሁን መስማቴ ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «እናቴ፣ ምን እንዳደረገች ሳያውቁ ነው አጥፍታለች ያሉት?»

ወደ ልጇ ልትጠጋ ስትል የበሩ ዘበኛ ክንዷን ይዞ አስወጣት። በሩ ሲዘጋ ከውስጥ የመጣው ድምፅ ቅድም እንደነበረው አልሆነም፤ ሰዎቹ አሁን ቶሎ ለመጨረስ የሚናገሩ ይመስላሉ። ሰብሳቢው «ቤተሰብ ራሱ ካመነ እኛ ምን እንላለን» ሲል ተሰማ። አፍናን ከቤተ መጻሕፍቱ ተነሥታ ባቲ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድትመደብ ተስማሙ። ውሳኔው ነገ ተጽፎ ይወጣል። እስከዚያው የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ አቶ ዓብዱልመጂድ ዘንድ ይሆናል።

ኑርሁሴን መጀመሪያ ወጣ። ዙበይዳን አየት አድርጎ ምንም ሳይል አለፈ። አፍናን ስትወጣ እናቷ እጇን ልትይዝ ሞከረች፤ ልጅቷ ቦርሳዋን ወደዚያው እጇ አዛወረች።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«ምን ፈራሽ?»

ዙበይዳ መዋሸት ትችል ነበር። «እውነት አጥፍተሽ እንደሆነ» አለች።

አፍናን ራሷን ነቀነቀች፤ ሲነገራት የጠበቀችው ነገር እንደሆነ ሁሉ። «ከእነሱ በፊት አንቺ ፈረድሽብኝ» አለችና ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ ግን ወደኋላ አላየችም።

ዙበይዳ ቤት አልሄደችም። ከጠዋት ጀምሮ ፍርሃት የያዘው ቦታ አሁን ሌላ ነገር ያዘው። ያ ሰው ላስቲክ የለበሰ ሶፋው ላይ አስቀምጧት፣ በአፋችሁ ንገሩኝ ብሎ፣ እንባዋን ሰብስቦ፣ ለልጇ ገመድ አድርጎ አጠለቀላት! ፋቲሃውንስ? አሚን ሲል መዳፉ ተዘርግቶ አይደለም? ወደ ሼህ ረጀብ ሱቅ ገባችና ገዢ እያለ፣ ቆማ ተናገረች። «ይነሡ ሼህ። ሄደን የይቅርታ ልመናችንን መልሰን እንወስዳለን። አላጠፋችም።»

ሼህ ረጀብ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ፊታቸው አመድ መሰለ። «አስተግፊሩላህ» አሉ። ጨርቁን ማጣጠፍ ጀመሩ። «ያረገው መጥፎ ነው። ግን ዱዓ የተደረገበት ነገር እንዴት ይፈርሳል? ተወስዶ የተመለሰ ሽምግልና ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ነገ ሰው እኛን ምን ይለናል? ሰብሪ፣ ታገሺ።»

«ነገ ይጻፋል።»

«ሰብሪ ያ ዙበይዳ።»

«እርስዎ ይታገሡ» ብላ ወጣች። እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም።

የአቶ ዓብዱልመጂድን የብረት በር በመዳፏ ደበደበችው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሰዎች ለመግሪብ ውዱእ አድርገው ወደ መስጊድ በዚያ መንገድ ያልፋሉ። ከፈቱ። ብቻዋን መሆኗን ሲያዩ በሩን በግማሽ ያዙት።

«ደግሞ ምነው እናቴ?»

«ቀን የለመንኩህን መልሼ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። «ያልኩህን ሁሉ ወስጃለሁ። ልጄ አላጠፋችም። ያጠፋህ አንተ ነህ።»

«ፋቲሃ የተቀራበትን?»

«ፋቲሃውን ለኮሚቴ የሸጥከው አንተ ነህ!»

«ሴትዮ፣ ሰው ይሰማሻል፤ ለልጅሽም አይበጅም» አሉና በሩን ዘጉት። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ።

ሰው ይሰማሻል ማለታቸው ነው የጠቀማት። ዞር ስትል መንገዱ ላይ ሰው አለ፤ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ፣ ፌስታል የያዙ፣ እጃቸው ገና ያልደረቀ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እንዳይሰማት ስትኖር የኖረች ሴት ጀርባዋን ለብረቱ በር ሰጥታ ጮኸች። «ስሙኝ! ዛሬ ቀትር ላይ ሽማግሌ ይዤ እዚህ ቤት ልጄ አጥፍታለች ያልኩት ውሸት ነው! ሳልጠይቃት ነው ያልኩት! ልጄ ያደረገችው የሁላችንም የተባለን መጽሐፍ ለሐኪም መክፈት ነው፤ የእናንተው ፍየል እንዳይሞት! ይህ ሰው ስሙ ስላልተጠራ አስፈረደባት፤ የእኔን እንባ ምስክር አድርጎ!» አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። አንድ ሽማግሌ «ሴትዮዋን ጂን ነካት እንዴ?» አለ። አንድ ሰውዬ ግን ቆመ፤ የጨፋ ሰው ነው፣ ዱላ ይዟል። «የትኛው ሐኪም ነው? ኑርሁሴን?» አለ። እሱ ሲቆም ሌሎችም ቆሙ። ደገመችው፤ ቃላቱ ይምታቱባታል፣ በሽታውን ከክትባቱ ታቀላቅላለች፣ ባቲን ከጨፋ።

ሰዉ መሃል አፍናንን አየቻት። ማን እንደነገራት አላወቀችም። ልጅቷ ጠዋት ለብሳው የወጣችውን ልብስ እንደለበሰች ነው፤ ዓይኗ አብጧል። ዙበይዳ ቃሏን አቋረጠች። እንደ ልማዷ የባሰውን ጠበቀች፤ ክንዴን ይዛ ትጎትተኛለች፣ በቃ አዋረድሽኝ ትለኛለች፣ ከዛሬ ጀምሮ እናት የለኝም ትለኛለች።

አፍናን መጥታ ከጎኗ ቆመች። እጇን አልያዘችም። ጀርባዋን እንደ እናቷ ለበሩ ሰጥታ፣ ሰዉን አየች፤ ከታች ደግሞ ገና የሚመጡ አሉ።

«ከመጀመሪያው ጀምሪው፣ እማ» አለች። «አሁን የመጡት አልሰሙም።»